አፉ የነገረሽን ወረቀቱ ላይ አጽፊው

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። 5 ዓመት ሙሉ ገንዘብ ሳጠራቅም ቆይቼ የመጀመሪያ መኪናዬን ልገዛ ነው። ከግለሰብ መግዛት ስለፈራሁ ወደ አንድ ያገለገሉ መኪናዎች መሸጫ ሄድኩ። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ሻጩም በጣም ትሁት ሰው ነው። 9 ዓመት ያገለገለች ብርማ መኪና አሳየኝ፣ ኪሎሜትሯ 62,000 ነው። ‹የራሳችን መካኒክ ፈትሿታል፣ ምንም የላትም፣ ችግር ቢገጥምሽ እኛ አለን› አለኝ። መካኒክ ይዤ ልምጣ ወይ ስለው ግን ፊቱ ጠቆር አለ፣ ‹ካላመንሽን እንግዲህ› አለኝ። ነገ ሌላ ሰው ሊወስዳት ስለሆነ ዛሬ ማታ ቀብድ እንዳስይዝ ይፈልጋል። ውሉን ገና አላነበብኩትም። ሰውየውን ማስቀየም አልፈልግም፣ መኪናዋም እንዳታመልጠኝ ፈርቻለሁ። ምን ላድርግ? ቁልፉን ለመቀበል የቸገራት።»

የኔ እህት፣ ከሁሉ በፊት ይህን ልበልሽ፦ ዛሬ ማታ ቀብድ እንዳታስይዢ። መኪናዋ ጥሩ ልትሆን ትችላለች፣ ሰውየውም ልበ ቀና ሊሆን ይችላል፣ እሱን እዚህ ተቀምጬ መፍረድ አልችልም። ነገር ግን ውሉን አላነበብሽም። ከሥር ገብቶ ያየልሽ የራስሽ ሰው የለም። በእጅሽ ያለው የሻጩ ቃል ብቻ ነው። የ5 ዓመት ጥሪት በዚህ ላይ አይወጣም።

ከግለሰብ ፈርተሽ ወደ መሸጫ መሄድሽን አልነቅፍም። መሸጫ አድራሻ አለው፣ ስም አለው፣ ነገ ተመልሰሽ ታገኚዋለሽ። በብዙ አገር ሕጉም ከነጋዴ የገዛን ሰው ከግለሰብ ከገዛው የበለጠ ይጠብቀዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን መሸጫ መሆኑ በራሱ ዋስትና ሲመስለው ነው። መኪናዋን ከማን እንዳመጧት፣ ምን እንደደረሰባት፣ የቱ ጋ ተደፍኖ እንደተቀባ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አንቺ የምታዪው የታጠበና የተወለወለ አካሏን ነው። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባለው የኢኮኖሚ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ያገለገሉ መኪናዎችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ የጻፈው ስለዚህ ነው። ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ፣ ጥሩውም መጥፎውም መኪና በአንድ ዋጋ ይሸጣል፤ ያኔ ጥሩ መኪና ያለው ሰው ከገበያው ይወጣና መጥፎው ይበዛል። ይህ ሐሳብ በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ አድርጎታል። አንቺ ማድረግ የምትችይው እነሱ የሚያውቁትን ያህል ለማወቅ መሞከር ነው፣ ማወቅ ያልቻልሽውን ደግሞ በጽሑፍ ኃላፊነት እንዲወስዱበት ማድረግ ነው።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት እኔም ንጹሕ ቤት ገብቼ ንጹሕ መኪና ገዛሁ። ውስጧ ሽቶ ሽቶ ይል ነበር፣ ደስ አለኝ። 3 ወር ሳይሞላ መስኮቱ አልወርድ አለ፣ ቀጥሎ ሬዲዮው ጠፋ፣ ቀጥሎ አንድ ቀን ጠዋት ጭራሽ አልነሳ አለች። የጠራሁት መካኒክ ሞተሩን ከመንካቱ በፊት የሹፌሩን ቀበቶ ይዞ እስከ መጨረሻው ሳበው። እኔ ሁልጊዜ የምስበው ለራሴ የሚበቃኝን ያህል ነበር። ከውስጥ የወጣው ክፍል ላይ ቡናማ መስመር ተሰምሮበታል። በጥፍሩ ፈቀፈቀው፣ ደቃቅ ጭቃ ረገፈ። ከዚያ ምንጣፉን ገለጠው። ወንበሩን የያዙት ብሎኖች ዝገዋል፣ ከምንጣፉ ሥር ያለው ስፖንጅ አሁንም እርጥብ ነው። ጎርፍ ውስጥ የገባች መኪና ነበረች። ሽቶው ለምን እንደተረጨ ያን ጊዜ ገባኝ። ወደ መሸጫው ስመለስ ውሉን አውጥተው አንድ መስመር አሳዩኝ፤ «ገዢ መኪናውን ባለበት ሁኔታ አይቶና ወዶ ገዝቷል» ይላል። ከሥሩ ያለው ፊርማ የኔ ነበር።

ስለዚህ መኪናዋን ልታዪ ስትሄጂ መጀመሪያ ቀበቶዎቹን ሳቢ፣ ሁሉንም፣ እስከ መጨረሻው። ምንጣፉን በጥግ በኩል አንሺው። ከፖርታ ባጋልዮው ወለል ሥር፣ ስኮርታ ጎማው የሚቀመጥበትን ጉድጓድ እዪው። ውኃ፣ አሸዋ ወይም ዝገት ካገኘሽ ሌላ ነገር ሳትጠይቂ ውጪ። ጎርፍ የገባባት መኪና ዛሬ ብትሠራም የኤሌክትሪክ ማያያዣዎቿ ከውስጥ እየዛጉ ስለሚሄዱ ችግሩ በየተራ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ መካኒኩ ጉዳይ። «መካኒክ ይዤ ልምጣ» ማለት ስድብ አይደለም። ቤት የሚገዛ ሰው ባለሙያ ይዞ ሲመጣ ማን ይቀየማል? መኪና መሸጥ ሥራው የሆነ ሰው ይህን ጥያቄ ሲሰማው የመጀመሪያው አይደለም። ፊቱን ያጠቆረው ይሉኝታ እንደሚይዝሽ አይቶ ይመስለኛል። ይሉኝታ ደግሞ እንዲህ ባለ ጊዜ በጣም ያስከፍላል። ምን እንደምትይው ከጨነቀሽ እንዲህ በይው፦ «የነገሩኝን አምኛለሁ፤ ግን ያለኝን ሁሉ የማወጣበት ስለሆነ የራሴ ሰው ካላየልኝ እንቅልፍ አይወስደኝም።» በትሕትና ተናገሪ፣ ግን አትለሳለሺ። እሺ ካለ ጥሩ ምልክት ነው። አይሆንም ካለ ግን መልሱን ሰጥቶሻል፣ አመስግነሽ ሂጂ። የራሱን መኪና ለማሳየት የማይፈልግ ሻጭ ምን እየደበቀ እንደሆነ ማወቅ አያስፈልግሽም።

መካኒኩን ራስሽ ምረጪ፣ ራስሽ ክፈይ። መሸጫው ያገናኘሽ ሰው አይሁን። «ከተሸጠ ኮሚሽን አለኝ» የሚልም አይሁን። ብትገዢም ባትገዢም ሒሳቡን እንደሚያገኝ ቀድመሽ ንገሪው፣ ያኔ እውነቱን ለመናገር አይቸገርም። ከተቻለ መኪናዋ ወደ እሱ ጋራዥ ትሂድና ወደ ላይ ተነሥታ ከሥሯ ትታይ። በመጨረሻ ሁለት ነገር እንዲጽፍልሽ ጠይቂው፤ አሁኑኑ መሠራት ያለበትና በ1 ዓመት ውስጥ የሚመጣ ወጪ። ይህ ወረቀት ዋጋ ስትከራከሪም ያግዝሻል። «ውድ ነው» ከማለት «ፍሬኑና ሁለቱ አሞርዛተሮች መቀየር አለባቸው፣ ይህን ያህል ያስወጣሉ» ማለት ይሻላል።

«የራሳችን መካኒክ ፈትሿታል» ላሉሽም መልስ አለው። የፍተሻውን ወረቀት ጠይቂ፤ ቀን ያለበት፣ የተፈተሸው ነገር የተዘረዘረበት፣ የፈተሸው ሰው የፈረመበት። ካለ ለመካኒክሽ ስጪው። ከሌለ ፍተሻ የሚሉት ማጠቡን ሊሆን ይችላል።

ስለ 62,000ው እንነጋገር፣ እሱ ነው ከደብዳቤሽ ውስጥ ዓይኔን የያዘው። ለ9 ዓመት ብናካፍለው በዓመት 7,000 ገደማ ይመጣል። ብዙ ጊዜ እንደ መነሻ የሚወሰደው በዓመት ከ15,000 እስከ 20,000 ኪሎሜትር ነው። ትንሽ የተነዳች መኪና የለችም ማለቴ አይደለም፣ አለች። ግን እንዲህ ያለ ቁጥር ማስረጃ ይፈልጋል። ድሮ ቆጣሪው በጥርስ የሚዞር ስለነበር ሲመልሱት ቁጥሮቹ መስመር ይስቱ ነበር። አሁን ዲጂታል ነው፣ በኮምፒውተር በደቂቃዎች ውስጥ ይቀነሳል፣ በዓይን የሚታይ ምልክትም አይተውም። ምልክቱን የምታገኚው ሌላ ቦታ ነው። የፍሬኑን ፔዳል ላስቲክ እዪው፤ 62,000 የሄደች መኪና ላይ ጥርሱ ሙልጭ ብሎ ሊያልቅ አይገባም። ወይም በተቃራኒው፣ መኪናዋ 9 ዓመት ሆኗት የፔዳሉ ላስቲክ ብቻ አዲስ ከሆነ ለምን ተቀየረ ብለሽ ጠይቂ። መሪው ላይ እጅ የሚያርፍበት ቦታ አብረቅርቋል? የሹፌሩ ወንበር በበሩ በኩል ያለው ጠርዝ ተፈርፍሯል? የማርሹ እጀታ ላይ ያለው ጽሑፍ ጠፍቷል? ኮፈኑን ከፍተሽም ሆነ በሩ አጠገብ «ቀጣይ ዘይት በዚህ ኪሎሜትር» የሚል ተለጣፊ ፈልጊ፤ ብዙ ጊዜ ማንሳቱን ይረሱታል። የሰርቪስ መዝገብ ካለ ቁጥሮቹ ከዓመት ዓመት እየጨመሩ መሄዳቸውን ተከታተዪ። በአንዳንድ መኪናዎች ደግሞ ኪሎሜትሩ ከዳሽቦርዱ ሌላ በሌሎች የመኪናዋ ኮምፒውተሮች ውስጥም ይመዘገባል፣ ስለዚህ መካኒክሽ በማሽን ሲያያት ቁጥሮቹን እንዲያስተያይ ንገሪው።

ጎማዎቹም ይናገራሉ። ከጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ተከትሎ መጨረሻ ላይ 4 አሃዝ አለ። 2319 ካለ በ2019 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው፣ ዓመቱ በፈረንጆቹ ነው። አራቱ ጎማዎች አራት ዓይነት ከሆኑ ባለቤቱ ሲቆጥብባት እንደኖረ ገምቺ። አንዱ ጎማ በአንድ በኩል ብቻ ከተበላ ደግሞ የእግሯ አሰላለፍ ተበላሽቷል፤ ቀላል ማስተካከያ ሊሆን ይችላል፣ ከግጭት በኋላ የተጣመመ ነገር ሊሆንም ይችላል።

ግጭቱን ለማወቅ መኪናዋን በቀን ብርሃን እዪ። ማታ፣ ዝናብ ላይ ወይም ገና ታጥባ ውኃ እያላት አትዪ፣ እርጥብ ቀለም ሁሉ ያምራል። ጎንበስ ብለሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጎኗ በኩል ተመልከቺ፣ የላሜራው ነጸብራቅ የሚሰበርበት ቦታ ካለ እዚያ ሥራ ተሠርቷል። በሮቹና ኮፈኑ መካከል ያለው ክፍተት በግራና በቀኝ እኩል ነው? ፓራፋንጎውን፣ ከጎማው በላይ ያለውን ላሜራ፣ የያዙት ብሎኖች ላይ ቀለሙ ተልጦ ከሆነ ተፈተው ያውቃሉ። በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት ይዘሽ ሂጂ፤ ብረት ላሜራ ላይ ትያዛለች፣ ጉድጓድ የተደፈነበት ወፍራም ስቱኮ ያለበት ጋ ግን ትለቃለች። አሉሚኒየም ወይም ፕላስቲክ የሆነ አካል ላይ ግን ከመጀመሪያውም አትያዝም፣ እንዳትደናገጪ። መስታወቶቹ ጥግ ላይ ያለውን ትንሽ ማኅተምም አወዳድሪ፤ አንዱ ብቻ ከተለየ ተሰብሮ ተቀይሯል። መስታወት በድንጋይም ይሰበራልና ይህ ብቻውን ጥፋት አይደለም፣ ግን ጥያቄ ይወልዳል።

ሞተሯ ቀዝቃዛ ሆና እንድትነሣ አድርጊ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀጠሮ ስትይዢ «እኔ ሳልመጣ አታስነሱልኝ» በይ፣ ስትደርሺ ኮፈኑን በእጅሽ ንኪው። ሞቆ ከጠበቀሽ ለምን ብለሽ ጠይቂ። ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚሰማ ድምፅ፣ ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚወጣ ጭስ፣ በጠዋት የሚያስቸግር አነሳስ አለ፤ ሞቃ ከጠበቀችሽ ይህ ሁሉ ያመልጥሻል። ጓደኛሽን ከኋላ አቁሚና ጭሱን ትይ። ሰማያዊ ጭስ ካለ ሞተሩ ዘይት ይበላል። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በደንብ አይቃጠልም። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማያቆም ነጭ ጭስ ካለ የራዲያተር ውኃ ወደ ሞተር እየገባ ሊሆን ይችላል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነገር፣ ማለትም በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ ተበላሽቶ። በቀዝቃዛ ጠዋት ለትንሽ ደቂቃ የምታይው ስስ እንፋሎት ግን ጤና ነው። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ የዘይቱን ክዳን ከፍተሽ ከውስጥ በኩል እዪው፤ ነጣ ያለ ወፍራም አረፋ ከተለጠፈበት ለመካኒኩ አሳዪው። የራዲያተሩን ክዳን ደግሞ ሞተሩ ሞቆ እያለ በጭራሽ እንዳትከፍቺ፣ ፊትሽን ያቃጥላል።

ቁልፉን ስታዞሪ፣ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት፣ ዳሽቦርዱን ትኩር ብለሽ ተመልከቺ። የሞተሩ ምልክት፣ የኤርባጉ ምልክት፣ የፍሬኑ ምልክት መብራት አለባቸው፣ ከዚያ በየተራ መጥፋት አለባቸው። ብዙ ሰው የሚፈራው የማይጠፋን መብራት ነው። እኔ ይበልጥ የምፈራው ጭራሽ ያልበራውን ነው፣ ምክንያቱም ሰው አውቆ አምፖሉን ነቅሎት ወይም ሸፍኖት ሊሆን ይችላል። ኤርባጉ ፈንድቶ ሳይተካ ቀርቶ መብራቱ ብቻ እንዲጠፋ የተደረገባት መኪና ላይ ልጅ አስቀምጠሽ ስትነጂ አስቢው።

መካኒክሽ በማሽን ሲያያት ከስሕተት ኮዶቹ፣ የመኪናዋ ኮምፒውተር ችግር ሲያገኝ ከሚመዘግባቸው ምልክቶች፣ ሌላ አንድ ነገር ያይልሽ። መኪናዋ ራሷን በራሷ የምትፈትሽባቸው ምርመራዎች አሉ። ኮዶቹ ሲሰረዙ እነዚህ ምርመራዎችም ከዜሮ ይጀምራሉ፣ እስኪጠናቀቁም የተወሰነ መንዳት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ማሽኑ «ኮድ የለም» ብሎ ምርመራዎቹ ግን ያልተጠናቀቁ ከሆኑ፣ ወይ ባትሪዋ በቅርቡ ተነቅሏል፣ ወይ አንድ ሰው አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ኮዱን አጥፍቶታል።

ስትነጂያት ሬዲዮውን አጥፊ። ሻጩ አጠገብሽ ተቀምጦ ያለማቋረጥ ቢያወራ «አንዴ ድምፁን ልስማ» በይው። አምስት ደቂቃ በጥሩ አስፋልት ዞሮ መመለስ አይበቃም፤ ዳገት፣ ኮረኮንች፣ ፈጠን የሚያስብል መንገድ ያስፈልጋል። አውቶማቲክ ከሆነች ፍሬን ይዘሽ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማርሽ ስታስገቢ የምትዘገይ ወይም የምትደነግጥ መሆኗን ልብ በይ። በእጅ ማርሽ ከሆነች ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ስትሰጫት ሞተሩ ጮኾ መኪናዋ ካልፈጠነች ፍሪሲዮኑ አልቋል። ባዶ መንገድ ላይ ፍሬን ስትይዢ ወደ አንድ ጎን የምትጎትት ከሆነም ጻፊው። ሃይብሪድ ወይም የኤሌክትሪክ ከሆነች ግን አብዛኛው ገንዘብ ያለው ባትሪው ላይ ስለሆነ፣ የባትሪውን ጤንነት በማሽን የሚያይ ባለሙያ ሳይኖር አትግዢ።

የታይሚንግ ቺንጊያውም አለ፣ የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች እኩል አቀናጅቶ የሚያዞረው ጠፍር። ሁሉም መኪና የለውም፣ ሰንሰለት ያላቸው ብዙ ናቸው። ቺንጊያ ካላት ግን በኪሎሜትር ብቻ ሳይሆን በዓመትም ያረጃል፣ ሲበጠስ በብዙ ሞተሮች ላይ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ተጋጭተው ሞተሩ ይበላሻል። ኪሎሜትሯ ትንሽ ነው ብለሽ አትዘናጊ፣ 9 ዓመቷ ነው። መቼ እንደተቀየረ ደረሰኝ ጠይቂ።

አሁን ወረቀቱ። የሻንሲ ቁጥሩ፣ ማለትም የመኪናዋ መለያ ቁጥር፣ መኪናዋ ላይ ቢያንስ በሁለት ቦታ መገኘት አለበት፤ በሹፌሩ በኩል የፊት መስታወት ሥር፣ የበሩ ምሰሶ ላይ፣ ወይም ከኮፈኑ ሥር ብረቱ ላይ ተቀርጾ። በአብዛኞቹ መኪናዎች 17 ፊደልና አሃዝ ነው፣ ከዜሮና ከአንድ ጋር እንዳይምታቱ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ መኪናዎች ግን አጠር ያለ ቁጥር ነው ያላቸው፣ ስለዚህ ማጠሩ ብቻ አያስጠርጥርሽ። አንድ በአንድ እየጠራሽ ከባለቤትነት ደብተሩ ጋር አመሳክሪ። ተፍቆ እንደገና የተቀረጸ፣ የተበየደ ወይም ቀለም የተደፋበት ከመሰለሽ ተዪው፣ የተሰረቀ መኪና የገዛ ሰው ገንዘቡን መልሶ የሚያገኘው በስንት መከራ ነው። በዚሁ ቁጥር አምራቹ ለጥገና የጠራት መሆኗንም ጠይቂ። ታካታ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራቸውን ኤርባጎች ታሪክ የሚያስታውስ ያውቀዋል፤ ሲፈነዱ የብረት ስብርባሪ ስለሚበትኑ በተለያዩ አምራቾች በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪናዎች ተጠርተው ነበር፣ ግን ያገለገለ መኪና እጅ ሲቀያይር ጥሪው ባለቤቱ ጋ ሳይደርስ ይቀራል።

ደብተሩ ላይ የማን ስም እንዳለም ተመልከቺ። የመሸጫው ካልሆነ ጠይቂ፤ መሸጫው መኪናዋን ገዝቶ ነው የሚሸጠው ወይስ የሰው መኪና አቁሞ እያሻሻጠ ነው? ሁለተኛው ከሆነ ውልሽ ከማታውቂው ግለሰብ ጋር ነው፣ የፈራሽው ግለሰብ ማለት ነው። ያ የሚያምረው ቢሮ በውሉ ውስጥ የለም። ባንክ የያዛት ዕዳ እንደሌለባትም ከሚመለከተው መዝገብ አረጋግጪ፣ ሻጩ «ተከፍሏል» ስላለ ብቻ አይሁን።

«ችግር ቢገጥምሽ እኛ አለን» የሚለው ቃል ጥሩ ቃል ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላልና ውሉ ላይ እንዲገባ ጠይቂ። ለስንት ወር ወይም ለስንት ኪሎሜትር? ሞተሩን ብቻ ነው ወይስ ካምቢዮውንም፣ ማለትም የማርሹን ሳጥን? ዕቃውን እነሱ ችለው የእጅ ዋጋውን አንቺ ነሽ የምትከፍይው? የት ነው የሚሠራው? በተጨማሪ በውሉ ላይ እነዚህ ይጻፉልሽ፦ በሽያጩ ቀን የሚታየው ኪሎሜትር፣ ትክክለኛ መሆኑን ሻጭ ማረጋገጡ፣ ከባድ ግጭትና ጎርፍ እንዳልደረሰባት፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት። ሻጩ አፍ ላይ ቀላል የነበረው ነገር ብዕር ሲነሣ ከከበደው፣ ያ ራሱ ብዙ ይነግርሻል።

ውሉን ቤትሽ ወስደሽ አንብቢ። «ባለበት ሁኔታ» የሚለውን ሐረግ ፈልጊ። «ከዚህ ውል ውጪ የተነገረ ማንኛውም ነገር ዋጋ የለውም» የሚልም ይኖራል፤ እሱ ሰውየው የነገረሽን ሁሉ በአንድ መስመር ይሰርዘዋል። ባዶ ቦታ ያለበት ወረቀት ላይ አትፈርሚ፣ «በኋላ እንሞላዋለን» የሚባል ነገር የለም። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የሸማቾች ሕግ ከነጋዴ የተገዛች ጉድለት ያለባትን መኪና በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ገንዘብ ማስመለስ ይፈቅዳል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ነጋዴ ለሸጠው ያገለገለ ዕቃ ቢያንስ የ1 ዓመት የሕግ ዋስትና አለ። በአሜሪካ ደግሞ መሸጫዎች ዋስትና መኖር አለመኖሩን የሚናገር ወረቀት መኪናዋ ላይ እንዲለጥፉ ይገደዳሉ፣ ሰው ሁሉ አለ የሚለው የ3 ቀን የመመለሻ መብት ግን ከመሸጫ ለተገዛ መኪና በፌደራል ሕጉ የለም። እንዲህ ያለው የተሳሳተ እምነት ነው ሰውን የሚጎዳው። ስለዚህ ያለሽበት አገር ሕግ ምን እንደሚል የሚያውቅ ሰው ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ፣ ከፈረምሽ በኋላ ብዙም አይጠቅምሽም።

በብድር የምትወስጂ ከሆነ «በወር ስንት መክፈል ትችያለሽ?» ለሚለው ጥያቄ ቶሎ መልስ አትስጪ። በወር 100 ለ36 ወር ድምሩ 3,600 ነው። በወር 75 ለ60 ወር ደግሞ 4,500። ትንሹ ወርኃዊ ክፍያ ትልቁ ዋጋ ሆነ። መጀመሪያ የመኪናዋን ዋጋ ተስማሚ፣ ከዚያ ብድሩን ለብቻው፣ ከዚያ ያልጠየቅሽው ነገር፣ የቀለም መከላከያ፣ ተጨማሪ ዋስትና፣ ምናምን ተጨምሮ እንደሆነ መስመር በመስመር እዪ።

ቀብድ ማስያዝ የግድ ከሆነ ትንሽ ይሁን፣ ደረሰኝ ይኑረው፣ ደረሰኙ ላይም «የገዢ መካኒክ አይቶ ካልተስማማ ወይም የባለቤትነት ሰነዱ ካልጠራ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» ተብሎ ይጻፍበት፣ በመሸጫው ማኅተምና ፊርማ። ይህን የማይጽፍ ሰው ቀብድሽን አይመልስም ብለሽ ቁጠሪው። ነገ ይወስዳታል የተባለው ሌላ ገዢ ይኖር ይሆናል፣ ላይኖርም ይችላል። ቢኖርም ይውሰዳት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ አንቺ ደግሞ 5 ዓመት የጠበቅሽ ሰው ነሽ፣ 3 ቀን መጨመር አያቅትሽም።

ነገ ጠዋት ደውይለትና «ከነገ ወዲያ በቀን፣ ከመካኒኬ ጋር እመጣለሁ፣ እስከዚያ የውሉን ቅጂ ላኩልኝ» በይው። ክፍያውን ስትጨርሺ በባንክ በኩል ይሁን፣ ውሉ ላይ ባለው ስም። መንገድ ከመውጣትሽ በፊትም ኢንሹራንሱ በስምሽ መጀመሩን አረጋግጪ። ውሉን ከላኩልሽ ስምና ቁጥሩን ሸፍነሽ ፎቶውን ላኪልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።